የማኅበራት ሕንፃዎች ሁኔታ በየጊዜው ተመርምሮ በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል

የአንድ ገበሬ ማኅበር ሀብት ሲነሣ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው መሬቱ፣ ከብቱና ምርቱ ነው። ይሁን እንጂ በየቀበሌው የቆሙት የእህልና የማዳበሪያ መጋዘኖች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ኬላዎች፣ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከሎች፣ ወፍጮ ቤቶችና ጽሕፈት ቤቶች አባላት ገንዘብና ጉልበት አዋጥተው ያቆሟቸው የጋራ ሀብቶች ናቸው። በሬ ሲታመም ባለቤቱ ከአመጋገቡ ያውቃል። ስንዴ ዋግ ሲመታው ገበሬው ከቅጠሉ ይለያል። የጋራ ሕንፃ ግን ሲታመም የኔ ብሎ የሚያየው ሰው ስለማይኖር በሽታው የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ጣሪያው ከተገለበጠ ወይም ግድግዳው ከወደቀ በኋላ ነው።

ሕንፃ በድንገት አይፈርስም። ከመፍረሱ በፊት በስንጥቅ፣ በእርጥበት፣ በመዝመምና በምስጥ አፈር አስቀድሞ ይናገራል። ይህን ምልክት በወቅቱ አይቶ፣ ለክቶና ጽፎ ለሚመለከተው ክፍል ያስታወቀ ማኅበር በጥቂት ምስማርና በአንድ ቀን የጉልበት ሥራ የሚድነውን ቤት ያድናል። ሳያይ የቀረው ደግሞ አዲስ ቤት ለመሥራት እንደገና መዋጮ ይጥላል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ጉዳዩ የቤት ብቻ አይደለም

የመጋዘን ጣሪያ ማፍሰስ ቀላል ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገሩን በዘር ማስላት ግን ይቻላል። በመስመር ሳይሆን በብተና ለሚዘራ ስንዴ በአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ተኩል ያህል ዘር ያስፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ክረምት 30 ኩንታል የስንዴ ዘር በእርጥበት ቢበላሽ 20 ሄክታር መሬት ዘር አጣ ማለት ነው። እያንዳንዱ አባል ግማሽ ሄክታር ስንዴ የሚዘራ ቢሆን 40 አባወራዎች በሰኔ ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ። ምክንያቱ ግን ሳይተካ የቀረ አንድ የቆርቆሮ ምስማር ሊሆን ይችላል።

ማዳበሪያም እንዲሁ ነው። ዩሪያ እርጥበት ስለሚስብ በሚያፈስ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ይጋገራል፤ ለመበተንም ያስቸግራል። የትምህርት ቤትና የጤና ኬላ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ከግድግዳው ሥር የሚቀመጡት ሕፃናትና እናቶች ናቸው።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ገበሬ ማኅበራት ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር ስፋት ባለው መሬት ላይ እንዲቋቋሙ ካዘዘ በኋላ፣ በ1970ዎቹ ዓመታት በየአካባቢው ጽሕፈት ቤቶች፣ መጋዘኖችና ትምህርት ቤቶች በአባላት ጉልበት ተሠርተዋል። ቀጥሎም ዛሬ የገጠር ቀበሌ በሚባለው በዚያው የገበሬ ማኅበር ክልል ጤና ኬላዎችና የማሠልጠኛ ማዕከሎች ተጨምረዋል። ከቀድሞዎቹ ቤቶች ገና ያልፈረሱት ዕድሜያቸው 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ሆኗል። የተሠሩበትን ዓመት፣ የመሠረታቸውን ጥልቀት፣ መቼና ማን እንደጠገናቸው የሚናገር ወረቀት ግን ብዙውን ጊዜ አይገኝም። አመራር በተለወጠ ቁጥር እውቀቱ ከሰዎቹ ጋር አብሮ ይሄዳል። «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕንፃ ሹም የሚባል ኃላፊ እንዲኖር ሲደነግግ ዋና ትኩረቱ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞች ነበሩ። ከመንገድ ርቆ ያለን የጭቃ መጋዘን በየዓመቱ እየዞረ የሚያይ ባለሙያ በየቀበሌው አይገኝም። ስለዚህ የመጀመሪያው መርማሪ ቤቱን የሚጠቀምበት ማኅበር ራሱ ነው።

መዝገቡ ይከፈት

የመጀመሪያው ተግባር አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝቶ የሕንፃዎች መዝገብ መክፈት ነው። ለእያንዳንዱ ሕንፃ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ይመደባል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሕንፃው ስም፣ የሚሰጠው አገልግሎት፣ የተሠራበት ዓመት፣ ርዝመቱና ወርዱ፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ የክዳኑ ዓይነት፣ መሠረቱ ድንጋይ መሆን አለመሆኑና የቆመበት አፈር ዓይነት ይጻፋል። ዓመቱን በትክክል የሚያውቅ ከጠፋ ሽማግሌዎች ይጠየቁና «በሽማግሌዎች ግምት» ተብሎ ይመዝገብ። የሕንፃው ንድፍም ከላይ እንደሚታይ ሆኖ በእርሳስ ይሣል፤ በሩ፣ መስኮቶቹና ሰሜን የሚውልበት አቅጣጫ ይመልከቱበት። ኋላ የሚገኘው ስንጥቅ ሁሉ በዚህ ንድፍ ላይ ቁጥር ተሰጥቶት ይመለከታል።

ምርመራውን ለመፈጸም አራት ሰዎች ይበቃሉ። አንዱ ከማኅበሩ አመራር፣ ሁለተኛው ከመንደሩ ግንበኛ ወይም አናጢ፣ ሦስተኛው ሕንፃውን በየቀኑ የሚጠቀምበት ሰው፣ ማለትም የመጋዘኑ ኃላፊ፣ መምህሩ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ አራተኛው ጸሐፊ ይሆናሉ። በየቀኑ የሚጠቀምበትን ሰው መተው አይገባም። ዝናብ ሲዘንብ ባልዲ የት እንደሚደቀን የሚያውቀው እርሱ ነው።

መሣሪያዎቹም ውድ አይደሉም። መለኪያ ሜትር፣ የተማሪ ማስመሪያ፣ ድንጋይ የታሠረበት ገመድ፣ ስለታም ቢላዋ፣ መዶሻ፣ ባትሪና እርሳስ ይበቃሉ። የግንበኛ ቱንቢ ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው።

ምርመራው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢደረግ ይመረጣል። አንደኛው ክረምቱ ሲወጣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ሲሆን፣ ዝናቡ ያደረሰው ጉዳት ገና ትኩስ ሳለ ይታያል። ሁለተኛው በሚያዝያ ነው፤ ከሰኔ በፊት ለመጠገን ጊዜ ይሰጣል። ከዚህም ሌላ ከባድ ነፋስ፣ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰ ሳይዘገይ ምርመራ መደረግ አለበት። በስምጥ ሸለቆና በጠርዙ የሚኖሩ ማኅበራት ይህን በተለይ ሊያስቡበት ይገባል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ ቤቶችን ሰነጣጥቆ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀየው አስነሥቷል።

የውኃውን መንገድ መከተል

ለገጠር ሕንፃ ዋናው ጠላት ውኃ ነው። ስለዚህ ምርመራው ውኃ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ ከላይ ወደ ታች ቢካሄድ ምንም አይዘለልም።

ከጣሪያው ይጀመራል። በቀትር ፀሐይ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ቢመለከቱ የተበሳው ቆርቆሮ በብርሃን ይታያል። እያንዳንዱ ቀዳዳ በንድፉ ላይ ምልክት ይደረግበት። ከውጪ ደግሞ የላላ ምስማር፣ የዛገ ቆርቆሮና በነፋስ የተነሣ ጠርዝ ይፈለጋል። የቆርቆሮ ምስማር መመታት ያለበት በእጥፋቱ ጀርባ ላይ ነው፤ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ የተመታ ምስማር ውሎ አድሮ ማፍሰሱ አይቀርም። ቆርቆሮ ሲገዛም የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ መታወቅ አለበት፤ ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32 ጌጅ ይወፍራል። ወራጆቹና ማገሮቹ የጎበጡ መሆን አለመሆናቸው ከዳር እስከ ዳር ገመድ ተወጥሮ ይታያል።

ቀጥሎ ግድግዳው ይታያል። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ካላለ ዝናቡ የጭቃውን ምርጊት እየላሰ ይወስደዋል። ግድግዳው መዝመሙን ለማወቅ ድንጋይ የታሠረበት ገመድ ከላይ ይንጠለጠልና ገመዱ ከግድግዳው ያለው ርቀት ከላይም ከታችም ይለካል። የሁለቱ ልዩነት የዝመቱ መጠን ስለሆነ በመዝገቡ ይጻፋል። በሚቀጥለው ምርመራ ልዩነቱ ከጨመረ ግድግዳው በመሄድ ላይ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወደ መሬቱ ይወረዳል። በግድግዳው ዙሪያ ያለው መሬት ከቤቱ እየራቀ ሲሄድ በእያንዳንዱ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ወደ ቤቱ የሚያዘነብል ከሆነ ክረምቱን በሙሉ መሠረቱ ውኃ ይጠጣል። ይህ ጉድለት በአካፋና በአንድ ቀን ደቦ የሚስተካከል ሆኖ ሳለ ብዙ መጋዘኖችን የሚጎዳው ግን እርሱ ነው።

ወለሉ እርጥበት ከመሬት የሚስብ መሆኑን ለማወቅ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ተነጥፎ ዳር ዳሩ በድንጋይ ወይም በአሸዋ ይጫናል። በማግሥቱ ሲገለጥ ከላስቲኩ ሥር የውኃ ጤዛ ከታየ እርጥበቱ ከመሬት ነው። እንዲህ ባለው ወለል ላይ ጆንያ በቀጥታ ማስቀመጥ አይገባም፤ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ያስፈልገዋል፤ ከግድግዳውም መራቅ አለበት። ስንዴም ሆነ በቆሎ እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ ካለፈ ለሻጋታና ለነቀዝ ይጋለጣል። ቀድሞ የተባይ መድኃኒት ይቀመጥበት በነበረ ቤት ውስጥ ደግሞ እህል አይከማችም። እንደ አልድሪን ያሉት ዛሬ የተከለከሉ የቆዩ መድኃኒቶች በወለሉ ውስጥ ብዙ ዘመን ይቆያሉ።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም

በምርመራ ላይ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው ስንጥቅ ነው። በልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ተሠራጭቶ የሚታየው ቀጭን ስንጥቅ ጭቃው ሲደርቅ የሚመጣ ስለሆነ አያስደነግጥም። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣው ግን ከመሠረቱ አንዱ ወገን እየሰመጠ ወይም እየተነሣ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል።

መረሬ ወይም ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ የቆሙ ቤቶች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ይህ አፈር በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍን ሲሆን፣ በበቾ ሜዳና በጊንጪ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ጠባዩን አሳምሮ ያውቀዋል። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። የቆመበት ቤትም አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል። ከቤቱ አጠገብ ባሕር ዛፍ ካለ ደግሞ ሥሩ እርጥበቱን እየሳበ መሬቱን ያባብሰዋል። ስለዚህ ዛፉ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ከሕንፃው መራቅ ይኖርበታል።

የስንጥቅ ስፋት በማስመሪያ ይለካል። ለድንጋይ፣ ለብሎኬትና ለጡብ ግንብ እንደ መመሪያ የሚያገለግለው ይህ ነው፦ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው የሚያሳስብ አይደለም፤ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያለውን ግንበኛ ይደፍነዋል፤ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሆነውን ባለሙያ ሊያየው ይገባል፤ ከ25 ሚሊ ሜትር ያለፈው አደገኛ ነው።

ከስፋቱ ይበልጥ ግን እያደገ መሆን አለመሆኑ ዋና ነገር ነው። ይህን ለማወቅ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አንዳንድ ምስማር ይመታና በመካከላቸው ያለው ርቀት ከቀኑ ጋር ይጻፋል። ከወር በኋላ እንደገና ይለካል። የስንጥቁ ጫፍ በደረሰበት ቦታም በእርሳስ መስመር ተሠምሮ ቀኑ ይጻፍበታል። ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ሰፊ ስንጥቅ በሦስት ወር ውስጥ በእጥፍ ካደገ ጠባብ ስንጥቅ ይሻላል።

እንጨቱን ማንኳኳት

የጭቃ ቤት ግድግዳ የሚሸከመው በቋሚዎቹ ነው። ቋሚ የሚበሰብሰው ብዙውን ጊዜ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ላይ ስለሆነ ምርጊቱ ከታች በጥቂቱ ተገልጦ እንጨቱ ይታይ። በመዶሻ ሲመታ ጠንካራ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ባዶ ዕቃ ዓይነት ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተበልቷል። በቢላዋ ሲወጋ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደገባም ይለካል። ጽድና ወይራ መሬት ውስጥ ብዙ ዓመት ሲቆዩ ያልታከመ ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ይጎዳል።

በምዕራብ ወለጋ በመንዲና በነጆ አካባቢ እንደሚታወቀው ምስጥ ሰብልን ብቻ ሳይሆን ቤትንም ይጨርሳል። በግድግዳው ላይ የሚወጣው የአፈር መሿለኪያ ሲገኝ ትንሽ ተሰብሮ ይተዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሶ ከተሠራ ምስጡ በሥራ ላይ ነው። የተበላውን ቋሚ ቆርጦ ከሥሩ የድንጋይ መቀመጫ መሥራት ከመሬት ጋር እንዳይገናኝ ስለሚያደርገው ዘላቂ ይሆናል።

አራት ደረጃዎች

ምርመራው ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ሕንፃ ከአራቱ ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል። አንደኛ፣ ደህና የሆነ፤ ሁለተኛ፣ ማኅበሩ በራሱ አቅም የሚጠግነው ቀላል ጉዳት ያለበት፤ ሦስተኛ፣ ባለሙያ ሊያየው የሚገባ ከባድ ጉዳት ያለበት፤ አራተኛ፣ አገልግሎቱ ወዲያውኑ መቆም ያለበት።

በደረጃ አሰጣጥ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ይፈጸማል። አንደኛው ማጋነን ነው። ቆርቆሮ ለማግኘት ሲባል ቀላሉ ጉዳት ከባድ ተብሎ ይጻፋል። ባለሙያው መጥቶ የተጋነነ መሆኑን ካየ ከዚያ ማኅበር የሚመጣውን የሚቀጥለውን ሪፖርት ለማመን ይከብደዋል። ሁለተኛው መደበቅ ሲሆን የሚያስከትለው ጉዳት የበለጠ ነው። ትምህርት ቤቱ ይዘጋብናል፣ ወላጅም ያኮርፈናል ተብሎ የዘመመ ግድግዳ ዝም ይባላል።

የክፍሉ ወራጆች ከተሰበሩ፣ ቋሚዎቹ ከሥራቸው ከተበሉ ወይም የግድግዳው ዝመት ከወር ወደ ወር እየጨመረ ከሄደ ሕፃናቱ እዚያ ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። ውሳኔው ከባድ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ደህና በሆኑት ክፍሎች በፈረቃ ማስተማር፣ በበጋ ወራት ዳስ መጣል ወይም የእድር ድንኳን መዋስ ይቻላል። ይህን ውሳኔ የሚወስነው መሪ ለብቻው እንዳይወቀስ መዝገቡ ይረዳዋል። በስብሰባ ላይ የሦስት ምርመራ ልኬት ከነቀኑ ሲነበብ ወላጁ ራሱ ፍርዱን ይሰጣል።

ሪፖርቱ እንዴት ይጻፍ?

ለወረዳ ከሚላኩ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ «መጋዘናችን በእርጅና ምክንያት ከጥቅም ውጪ ሊሆን ስለተቃረበ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን» የሚል መልክ አላቸው። ይህ አጻጻፍ አንባቢውን ለሥራ አያነሣሣም። የት፣ ምን ያህል፣ ከመቼ ጀምሮ የሚሉት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ወጪ መገመት ወይም ከሌላ ጥያቄ ማስቀደም አይቻልም። ለምሳሌ ያህል እንደሚከተለው ቢጻፍ የተሻለ ነው፦

«12 ሜትር በ6 ሜትር የሆነው የእህል መጋዘን በሰሜኑ ግድግዳ ከሁለተኛው መስኮት ማዕዘን ወደ ጣሪያው በሰያፍ የወጣ ስንጥቅ አለበት። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከላይ 9 ከታች 3 ሚሊ ሜትር ነው። በሚያዝያ ሲለካ ከላይ 6 ሚሊ ሜትር ነበር። ከዚሁ ግድግዳ ውጪ የዝናብ ውኃ ይቋጥራል። በውስጡ 30 ኩንታል የስንዴ ዘር ይገኛል። ዘሩን ከግድግዳው አርቀናል፤ የውኃ መውረጃ ቦይም አባላት ቆፍረዋል። የምንጠይቀው ባለሙያ መሠረቱን እንዲያይልንና የጥገናውን ወጪ እንዲገምትልን ነው። ድንጋይና ጉልበት ከማኅበሩ ይቀርባል።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የታየው፣ የተለካው፣ የተሠራውና የተጠየቀው ተለይተው ቀርበዋል። ግምት ከተጨመረ «ይመስለናል» ተብሎ ለብቻው ይጻፍ። ስንጥቁ ከመሠረት መስመጥ የመጣ መሆን አለመሆኑን መፍረድ የመሐንዲሱ ሥራ ነው፤ የማኅበሩ ድርሻ ያየውን በትክክል መናገር ነው። ፎቶግራፍ በስልክ ሲነሣም ስፋቱ እንዲታወቅ ማስመሪያው ከስንጥቁ አጠገብ ይያዝ።

ሪፖርቱ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ለወረዳው የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሲሰጥ ሌላው የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት በማኅበሩ ፋይል ይቀመጣል። መልስ ከዘገየ በቁጥሩ መጠየቅ ይቻላል። እስከዚያው ግን በሁለተኛው ደረጃ የተመደቡት ሥራዎች መልስ ሳይጠበቅ ይፈጸሙ። ምስማር መምታት፣ ቦይ መቆፈርና ግድግዳ መምረግ የወረዳ ፈቃድ አይጠይቅም። የተጠገነውም ከነወጪውና ከነቀኑ በመዝገቡ ይጻፍ።

አመራር በሚለወጥበት ጊዜ ማኅተሙና የገንዘብ ሰነዱ በርክክብ እንደሚሰጡ ሁሉ የሕንፃዎች መዝገብም አብሮ መሰጠት አለበት። አዲሶቹ መሪዎች መዝገቡን ይዘው፣ ከቀድሞዎቹ ጋር ሕንፃዎቹን አንድ በአንድ ዞረው፣ የእያንዳንዱን ስንጥቅ ልክ በመዝገቡ ካለው ጋር አመሳክረው ቢፈርሙ የሚቀጥለው ክረምት ሳያውቁት አይደርስባቸውም።